ዋልታውን ቀድሞ ያቀለጠ

ዘመናይ፦ ድቡስ የታለ?

ደግሰው፦ ይኸው ፊትሽ ቆሞ።

ዘመናይ፦ ይኼ ባዶ ሸራ ነው።

ደግሰው፦ ነጭ ድብ አላልሽም?

ዘመናይ፦ ብያለሁ።

ደግሰው፦ በነጭ በረዶ ላይ አላልሽም?

ዘመናይ፦ ብያለሁ።

ደግሰው፦ እንግዲህ ይኸው። እንዳልሽው ነው የሳልኩት።

ዘመናይ፦ (ሸራውን ወደ መስኮቱ አዙራ) ዓይኑስ? ዓይኑ እንኳ ጥቁር ነው።

ደግሰው፦ ጨፍኗል። ብርድ ነው ብለሽኝ የለ።

ዘመናይ፦ አፍንጫውስ?

ደግሰው፦ እሱማ አይታይም። ጀርባውን ነው የሰጠን።

ዘመናይ፦ ጀርባውን ከሰጠን መጨፈኑን በምን አወቅህ?

ደግሰው፦ እኔ ነኛ የሳልኩት።

ዘመናይ ሸራውን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ንዴቷን ዋጥ አደረገች። ሰቆጣ ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ጂኦግራፊ የምታስተምር፣ የማታውቀው ነገር ያለ የማይመስላት፣ ሰው ሲሳሳት ሰምታ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ናት። አንዴ ለቅሶ ቤት ገብታ አልቃሿ የሟቹን ትውልድ መንደር ስታዛባ ብትሰማ፣ የራሷን እንባ ሳትጠርግ አርማታለች። ደግሰው ደግሞ የስፖርት አስተማሪ ነው። ፊሽካው ካንገቱ አይወርድም፤ ለማንም ሰው እሺ ይላል፤ እሺ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚገባው ግን ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ዐውደ ርእይ ያላዘጋጀ ሰው ከሥራ የቦዘነ ይመስል ነበር። ትምህርት ቤቶቹም በተራቸው ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድ አንድ ማሳያ ሠርተው፣ በገበያ ቀን፣ ከየወረዳው በሚመጣው ሕዝብ ፊት እንዲያቀርቡ ተነገራቸው። ያሸነፈው ባሕር ዳር ሄዶ ለክልሉ ያሳያል። ዘመናይን ግን ያጓጓት ባሕር ዳር አልነበረም። ርእሰ መምህሩ፣ ለሚያሸንፍ መምህር አሮጌውን ዕቃ ቤት ለትምህርት ክፍሉ እሰጠዋለሁ ብለው ነበር።

እስከዚያ ድረስ ዘመናይ የምታስተምረው በአንዲት የዓለም ካርታ ነው። የካርታዋን ሰሜን ዋልታ ምስጥ በልቶታል፤ ደቡብ ዋልታው ላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚያጣብቃት ምስማር ተመቶበታል። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ "በደቡብ ዋልታ በብዛት የሚገኘው ማዕድን ብረት ነው" ብሎ ጽፎላት ያውቃል። እንግዲህ ተማሪው ወደ ዋልታዎቹ መሄድ ካልቻለ፣ ዋልታዎቹ ሰቆጣ ይምጡ ብላ ቆርጣ ተነሣች። የሚያግዛት ሰው ብትጠይቅ ርእሰ መምህሩ ደግሰውን ሰጧት። ክንዱ ብርቱ ነው፣ ትርፍ ጊዜም አለው አሏት። ስለ ሌላው ነገሩ አላነሡም።

ድቡን ወደ ጎን ትታ ሌላ ሥራ አዘዘችው። ሁለቱን ዋልታዎች ሠርተህ በማግሥቱ ይዘህልኝ ና አለችው። እሺ አለ።

ደግሰው፦ (ሁለት ወፋፍራም የወይራ እንጨት መሬት ላይ ጥሎ፣ ላቡን እየጠረገ) ረጅሙ የሰሜኑ ነው፤ ይኼኛው የደቡቡ።

ዘመናይ፦ ምንድን ናቸው?

ደግሰው፦ ዋልታዎቹ ናቸዋ። ቤቱን ሳላየው ስለሆነ ልካቸውን በግምት ነው የቆረጥኩት።

ዘመናይ፦ የምን ቤት?

ደግሰው፦ ዋልታው የሚገባበት ቤት ነዋ። የምንሠራው ጎጆ አይደለም?

ዘመናይ፦ ደግሰው፣ የጎጆ ዋልታ አይደለም ያልኩህ። የምድር ዋልታ ነው። ምድር ላይና ታች ጫፍ አላት፤ እዚያ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው።

ደግሰው፦ (አሰብ አድርጎ) እና እዚያ ቤት የላቸውም?

ዘመናይ፦ የላቸውም።

ደግሰው፦ ታዲያ ዋልታ ምን ያደርግላቸዋል?

ዘመናይ ዋልታ የሚባለውን ቃል ከሥሩ ጀምራ አስረዳችው። ምድር በምናባዊ ዛቢያ ላይ እንደምትዞር፣ የዛቢያው ሁለት ጫፎች ዋልታ እንደሚባሉ፣ ፀሐይ እዚያ አግድም እንደምትመታ ነገረችው። ደግሰው ከአንገቱ ሰበር ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ዛቢያው ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ ጠየቃት። እንጨቶቹን እዚያው ትተው ወጡ።

የማሳያው ንድፍ ግን ጥሩ ነበር፤ ይህን ዘመናይ ራሷም አትክድም። ተመልካቹ ከሩቅ ቆሞ ሥዕል የሚያይበት እንዲሆን አልፈለገችም። እየነካ፣ እየሠራ እንዲማርበት ነው ያሰበችው። ሁለት ቆርቆሮ በድንጋይ ጉልቻ ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ አንዱ ሰሜን ዋልታ፣ ሌላው ደቡብ። በላያቸው በረዶ ይቆለላል፤ ከሥራቸው የከሰል እሳት ይደረጋል፤ በየእሳቱ አጠገብ የአንጥረኛ ወናፍ ይሆናል። ጎብኚው ወናፉን ሲያናፋ እሳቱ ይግላል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው በአሸንዳ ወርዶ ባሕር የተባለ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይገባል። በሳፋው ከንፈር ላይ ከካርቶን የተሠራች ከተማ አለች። ውሃው ከፍ ብሎ ቤቶቹን ሲነካ ጎብኚው ደንግጦ ወናፉን ይለቅቃል። በዚያች ቅጽበት ገባው ማለት ነው። ወናፉ በእጁ፣ ጥፋቱም በእጁ።

ዘመናይ፦ ዋናው ነገር አሳታፊ መሆኑ ነው። አሳታፊ። ገብቶሃል?

ደግሰው፦ ይኼማ የኔ ሙያ ነው። ተሳታፊው ስንት ነው?

ዘመናይ፦ የመጣው ሁሉ።

ደግሰው፦ ብዙ ነው። በዙር ይሁና።

ዘመናይ፦ በዙር ይሁን፤ ብቻ ግፊያ እንዳይኖር።

ደግሰው፦ አሸናፊውስ?

ዘመናይ፦ አሸናፊ የለም። ምድር ከሞቀች ሁሉም ተሸናፊ ነው።

ደግሰው፦ (ለራሱ) አቻ ነዋ የሚወጡት።

ወናፎቹን ከአንጥረኛው ከገብረ አማኑኤል ተዋሱ። ደግሰው ነበር ሊያመጣቸው የሄደው። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል።

ደግሰው፦ ገብረ አማኑኤል ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በዓለም ላይ በረዶ እየጠፋ መሆኑን ለሰው ልናስረዳ ነው አልኩት።

ዘመናይ፦ ደግ አደረግህ። ምን አለ?

ደግሰው፦ ተነሥቶ "ተመስገን" አለ። ወናፎቹንም በነፃ ሰጠኝ።

ዘመናይ፦ ለምን ተመስገን ይላል?

ደግሰው፦ አምና ባቄላውን የወቃበት ማን ሆነና? ዝቋላ ወረዳም ማሽላ ያስቀረለት የለም።

ዘመናይ፦ ያ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። የኛ ግግር በረዶ ነው፤ ሌላ ነው።

ደግሰው፦ ይዛመዳሉ?

ዘመናይ፦ አይዛመዱም።

ደግሰው፦ ስማቸው ግን አንድ ነው።

ዘመናይ ይህን እንደ ቀልድ አልፋ በረዶ ፍለጋ ሄደች። ጭማቂ ቤት ያላት እየሩስ በፍሪጇ ውሃ በላስቲክ እያሰረች አቀዘቀዘችላቸው። መብራት እየሄደ እየመጣ ስለሆነ ሥራው ከአንድ ሳምንት በላይ ፈጀ። ደግሰው ሰሜን ዋልታን ከፍሪጁ ሲያወጣ እየሩስ በለውጡ አንድ ነገር ለመነች፤ የጭማቂ ቤቷ ስም በረዶው ላይ እንዲሰካ። ዘመናይ ለሳይንስ ክብር ስትል ሰሜኑን ከለከለች፤ ደቡቡን ፈቀደች።

የገበያው ቀን ደረሰ። ማሳያው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከመንገዱ ዳገት ላይ ተተክሏል። ፍየል የሚነዱ፣ ማር የተሸከሙ፣ ልጆቻቸውን ሊያዩ የመጡ ወላጆች ከማለዳው ጀምረው ይጎርፉ ነበር። ዘመናይ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ አየች። ሳፋው ትንሽ ጎድሎ እንዲቀመጥ፣ በረዶው እስከ ዳኞቹ መምጣት እንዲቆይ፣ ወናፉን ሰው ነካ ነካ ብቻ እንዲያደርገው ለደግሰው ነገረችውና እንግዶቹን ልትቀበል ወደ በሩ ወረደች። ደግሰው እሺ አለ።

እንግዶቹ ዘገዩ። የዳኞቹ ሰብሳቢ አቶ አሥራተ ማርያም ከክልል ነው የመጡት። መኪናቸው መንገድ ላይ ጎማ ቀይራ ኖሮ ሲደርሱ ፀሐይ ጠንክራለች። ዘመናይ በሩ ላይ ቆማ የምትለውን ስታጠና፣ ከላይ እልልታ ሰማች። ሕዝቡ ተደስቷል ብላ እሷም ተደሰተች። ቀጥሎ ጭብጨባ ሰማች። ቀጥሎ ፊሽካ ሰማች። ያኔ የደረሱትን እንግዶች አስከትላ ወደ ላይ ተጣደፈች።

ሲወጡ ያዩት ይህ ነው። ግቢው ሞልቷል። በሰሜን ዋልታ ወናፍ ላይ ጋቢውን አውልቆ የተንበረከከ አንድ የዝቋላ ጎልማሳ፣ በደቡቡ ላይ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ሰው፣ እንደ ጉድ ያናፋሉ። ከኋላቸው ሕዝቡ በየወረዳው ተሰልፎ ያበረታታል። በመካከላቸው ደግሰው ፊሽካውን ነክሶ ሰዓቱን ይመለከታል። እሳቱ ሰማያዊ ነበልባል ይተፋል። ሰሜን ዋልታ ላይ የቀረችው የጡጫ ያህል በረዶ ነበረች፤ እሷም ስትጠፋ ዘመናይ እያየች ነው።

ደግሰው፦ (ፊሽካ ነፍቶ የዝቋላውን ሰው እጅ ወደ ላይ እያነሣ) ሰሜን ዋልታ አለቀ። ዝቋላ አለፈ።

ዘመናይ፦ (በሹክሹክታ) ምን እያደረግህ ነው?

ደግሰው፦ እያሳተፍኩ።

ዘመናይ፦ በረዶውን ለዳኞቹ አቆይ አላልኩህም?

ደግሰው፦ ደቡብ ዋልታ ላይ ትንሽ አለ። (ዞሮ አይቶ) አልቋል። የእየሩስ ወረቀት ነው የቀረው።

ከዚህ በላይ ሊከፋ አይችልም ስትል ደግሞ፣ ከዳገቱ በታች፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ተነሡ። የፃግብጂ ወረዳ ሰዎች ናቸው። ከነሱ መካከል ወለተ ሐና የሚባሉ ባልቴት፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨብጠው እየጨመቁ፣ መጀመሪያ አጠገባቸው ላሉት በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገሩና በቀጥታ ወደ ደግሰው መጡ። ደግሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።

ወለተ ሐና፦ ልጄ፣ የኛ ተራ መቼ ነው?

ደግሰው፦ እማማ፣ እናንተማ ለፍጻሜ ነው የቆያችሁት። ካሸናፊው ጋራ ነው የምትገጥሙት።

ወለተ ሐና፦ በምኑ ነው የምንገጥመው? በረዶው የታል?

ደግሰው፦ አልቋል።

ወለተ ሐና፦ ሌላ አምጣ።

ደግሰው፦ ሌላ የለም፤ ይኼው ነበር ያለው። ለመሥራቱም ብዙ ቀን ነው የፈጀው።

ወለተ ሐና፦ (ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን እያፈሰሱ) ይህን የሚያህል መንገድ በእግራችን መጣን። ተቀመጡ አላችሁን፤ ተቀመጥን። እነዚህ አንድደው ጨረሱት። ውሃው ደግሞ እኛ ላይ ወረደ። ያላናፋነው እኛ፣ የራስነው እኛ። ይኼ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

የዝቋላው ጎልማሳ ወናፉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረና ጋቢውን ፈልጎ ለበሰ። የሰቆጣ ዙሪያው ሰው ከሰሉን በእግሩ ከደን ከደን ማድረግ ጀመረ፤ ከሰሉ ግን ሥራውን ጨርሷል። ካርቶኗ ከተማ ከሳፋው ከንፈር ተገልብጣ ከሚፈሰው ውሃ ጋር ወደ ታች ስትንሸራተት ሁሉም ሰው አያት።

አቶ አሥራተ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው አይነበብም።

አቶ አሥራተ፦ ይህን ነገር ያሰበው ማን ነው?

ዘመናይ ዕቃ ቤቱን አሰበች። ምስጥ የበላውን ካርታ አሰበች። ስሟ ከዚህ ወናፍ ጋር ተያይዞ ክልል ሲደርስ አሰበች። ሰው ሲሳሳት ዝም የማትለው ሴት አሁን ለራሷ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር በፍጥነት አቀናበረች፤ እንደ ልማዷም አንዲት ቃል ሳታዛባ ተናገረችው።

ዘመናይ፦ ሐሳቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመምህር ደግሰው ነው። እኔ በረዶውን በማምጣት ብቻ ነው የረዳሁት።

ደግሰው፦ (በጣም ተነክቶ) ዘመን፣ ይኼማ አይገባኝም።

አቶ አሥራተ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ብዙ ዞን መዞራቸውን፣ በየደረሱበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕልና ያዘነ ድብ ማየታቸውን፣ ድቡን ያየ ሰው "ምስኪን" ብሎ ወደ ቤቱ መሄዱን ተናገሩ። እዚህ ግን ነገሩ ሰው ላይ ሲደርስ አይተናል አሉ። ጥቂቶች ተሽቀዳድመው አነደዱ፤ እሳቱን ያልነኩት ከታች ሆነው በውሃ ራሱ፤ ተራቸው ሲደርስም ምንም አልቀረላቸውም። ይህን እኛ በመጽሐፍ ገጽ ሙሉ ጽፈን አላስረዳነውም አሉ። ወለተ ሐናንም ስለ ራሰው ቀሚሳቸው ይቅርታ ጠየቋቸው። እሳቸውም ይቅርታውን ተቀብለው፣ ተራቸው ግን እንዳልቀረ አስታወቁ።

አቶ አሥራተ፦ እስቲ መምህር፣ ፃግብጂዎቹን ከታች ያስቀመጥካቸው ሆን ብለህ ነው?

ደግሰው፦ አዎ። ጥላ ያለው እዚያ ነው።

አቶ አሥራተ፦ (ማስታወሻ እየያዙ) ሳፋውን እስከ አፉ የሞላኸውስ?

ደግሰው፦ ባሕር ነው ተብሎ። ባሕር ጎዶሎ ይሆናል እንዴ?

አቶ አሥራተ፦ (ቀና ብለው) "ባሕር ጎዶሎ ይሆናል እንዴ።" ድንቅ ነው።

ዘመናይ ጉሮሮዋን ጠረገች። በርግጥ ስለ ወናፉና ስለ አሸንዳው በመጀመሪያ የተነጋገሩት አብረው መሆኑን፣ ንድፉን በተመለከተ እሷም አንዳንድ አስተዋጽኦ እንዳላት፣ አጋጣሚው ቢፈቀድላት ልታብራራ እንደምትችል ለመጠቆም ሞከረች።

አቶ አሥራተ፦ መምህርት፣ ረዳትነትም ክብር ነው።

እንዲህ ሆኖ ደግሰው አሸነፈ። ዕቃ ቤቱ በሥርዓት ለስፖርት ትምህርት ክፍል ተሰጠ። ደግሰው ቁልፉን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ዘመናይ ሄደና ኳሶቼ አንድ ጆንያ ናቸው፣ ቤት ምን ያደርግላቸዋል ብሎ በእጇ አኖረላት። ዘመናይ ማመስገን ፈለገች፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን ጠፍቷት ቁልፉ የዝገት ዘይት እንደሚያስፈልገው ነገረችው። ለባሕር ዳሩ ጉዞ ደግሰው አንድ ረዳት እንዲመርጥ ተፈቅዶለት እሷን መረጠ። ድንጋይ መሸከም አትችልም፣ መናገር ግን ትችላለች ብሎ አስመዘገባት።

ለባሕር ዳሩ ጉዞ መጀመሪያ ወደ ወልድያ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወናፎቹ ከእግራቸው ሥር ናቸው። ዘመናይ በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አልለቅቃት ብሏል። በሷ ንድፍ ውስጥ በረዶ ነበር፣ ባሕር ነበር፣ ከካርቶን የተሠራ ከተማ ነበር፣ ጀርባውን የሰጠ ድብም ነበር። ከታች የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረበትም። ይህን ለማን እንደምትናገር ስታስብ ደግሰው ክንዷን ነካ አደረጋት።

ደግሰው፦ ዘመን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪ።

ዘመናይ፦ ጠይቅ።

ደግሰው፦ እዚያ ስንደርስ ሐሳቤን በመድረክ አብራራ መባሌ አይቀርም።

ዘመናይ፦ አይቀርም።

ደግሰው፦ (ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ) ያሰብኩት ግን ምንድን ነው?

ዘመናይ፦ (ሻሿን አጥብቃ እያሰረች) እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እኔ ረዳት ነኝ።